መርዶ የማይደብቁት እትዬ ለተብርሃን

ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቴ ፀሐይ ቆማለች። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች፣ ከእነሱ በታች ደረጃው ላይ የሮሙ ማህበራችን ሊቀመንበር ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዳቸውም «እንዴት አደርሽ» አላሉኝም።

የእኛ ሰው ይህን ሲያይ ጥያቄ የለውም። ሰው ሞቶበታል፤ ያልታወቀው ማን እንደሆነ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከቤት የወጣች አንዲት ልጅ አለችኝ። ሄለን ትባላለች። ከሄደች ሁለተኛ ወሯን ይዛለች፤ ስልኳ ደግሞ መሥራት ካቆመ ሰነባብቷል።

«ልጄን!» ብዬ ጮህኩ። በሩ ላይ ወደቅሁ። ከላይ ያለችው ጣልያን በሯን ከፍታ «ኬ ሱቼዴ?» ትላለች፣ ምን ሆነ ማለቷ ነው። ፀሐይ ላዬ ላይ ተደፍታ በሁለት እጇ ፊቴን ይዛ ትጮሃለች።

«አይደለችም! አስቴር፣ ስሚኝ! ሄለን አይደለችም! እትዬ ለተብርሃን ናቸው! የሞቱት እትዬ ለተብርሃን ናቸው!»

«ተመስገን» አልኩ።

ከአፌ አመለጠ። ሁሉም ሰሙት። ሊቀመንበሩ ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዞሩ። ማልቀስ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ለማን እንደማለቅስ ግን ለራሴም አልለየልኝም።

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የማህበሩ ጸሐፊ ጽፎታል። አስመራ ተወለዱ፣ በልጅነታቸው በአማርኛ ተማሩ፣ በወጣትነታቸው ሮም መጡ፣ በሰው ቤት ሠርተው ጡረታ ወጡ፣ ትዳርም ልጅም አልነበራቸውም፣ ሰው አክባሪና ጸሎተኛ ነበሩ ይላል። አንድም ውሸት የለበትም። እሳቸው ግን የሉበትም። እኔ አራተኛ ክፍልን እንኳ በወጉ ያልጨረስኩ ሴት ነኝ፤ ጽሑፍ አይሆንልኝም። ቢሆንም እሳቸውን በዚያች ወረቀት ብቻ መሸኘት አልዋጥልኝ አለ።

እትዬ ለተብርሃን አጭር፣ ቀጠን ያሉ ሴት ነበሩ። የወንድ ጫማ ነው የሚያደርጉት። «የሮም ድንጋይ በሴት ጫማ አይዘለቅም» ይላሉ። ባለ ጎማ የገበያ ቦርሳቸውን እየጎተቱ ሲመጡ ገና ከመንገዱ ማዶ በጎማው መንቋቋት እናውቃቸዋለን። ሰዉ ይወዳቸው ነበር፤ ይፈራቸውም ነበር። የሚፈሩበት ምክንያት አንድ ነው። መርዶ አይደብቁም።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞትበት እንዲሁ አይነገረውም። ቀን ይመረጣል። ሥራ የሌለበት ቀን፣ ቢቻል እሁድ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዘው ጠንካራ ሰው ከጎኑ ቆሞ። ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ፣ ፈተና ካለባት እስክትጨርስ ይቆያል። እስከዚያ ድረስ አገር ቤት በደወለ ቁጥር «ደህና ናቸው፣ ጠበል ገብተው ነው» ይባላል። ክፋት አይደለም። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ብቻውን ሰምቶ እንዳይጎዳ ብለን ነው። ሁላችንም ደብቀናል። በእኛም ላይ አንድ ቀን እንደሚደበቅ እናውቃለን።

እትዬ ለተብርሃን ግን መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። ለምን እንደሆነ ኋላ ጠይቄያቸው ነበር። «ፊትሽን አጥርቼ ካየሁት እዋሽሻለሁ» አሉኝ።

እኔን የነገሩኝ ተርሚኒ ጣቢያ፣ የሜትሮው መውረጃ አጠገብ ነው። ሄለን ያኔ ትንሽ ልጅ ናት። እናቴ አገር ቤት ግፊት ስለነበረባት መድኃኒቷን ከዚህ እየገዛሁ በሰው እልክላት ነበር። በዚያን ቀንም ይዤ ስሄድ ተገናኘን። ከሰላምታ ያለፈ አንተዋወቅም።

«ምን ይዘሻል?» አሉኝ።

«የእናቴን መድኃኒት። ነገ የሚሄድ ሰው አግኝቼ።»

«ባለፈውም ልከሽ አልነበር?»

«ልኬያለሁ። ጠበል ስለገባች ነው ስልክ የማታነሳው እንጂ ደርሷታል አሉኝ።»

ሰዉ ግራና ቀኝ እየገፋን ይወርዳል። መነጽራቸውን አወለቁና ኪሳቸው ከተቱት።

«አስቴር፣ እናትሽ የሉም። ሞተዋል። አርባቸውም ወጥቷል።»

መታኋቸው። በያዝኩት የመድኃኒት ከረጢት ደረታቸውን መታኋቸው። ክኒኑ መሬት ላይ ተበተነ። «እርስዎ ማን ነዎት? ማን ንገሪ ብሎ ላከዎት?» አልኳቸው። ያንገታቸውን ሻርፕ ፈተው ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ፣ ከትኬት መቁረጫው ማሽን ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ፣ እኔንም በእጄ ጎትተው አስቀመጡኝ።

«አሁን አልቅሺ» አሉ።

ራሳቸውም አብረውኝ ማልቀስ ጀመሩ። የማያውቋትን እናቴን፣ ስሟን ከእኔ አፍ እየሰሙ፣ እየደገሙ አለቀሱላት። ሰው ከበበን። ፖሊስ መጣ።

«እናቷ ሞተው ነው» አሉት በጣልያንኛ።

«መቼ?»

«አሁን።»

ፖሊሱ ባርኔጣውን አወለቀና ሰዉን ወዲያ ወዲያ አደረገልን።

ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ተነሳባቸው። «ልጅቷ ሐዲዱ ላይ ብትወድቅስ ኖሮ?» ትላለች ፀሐይ። «እኛ ለፋሲካ እንንገራት ብለን ስንመክር! ጭካኔ ነው፣ ሌላ ስም የለውም!» እኔም ብዙ ጊዜ አላናገርኳቸውም። ኋላ ራሴ ሄድኩ። በራቸው ላይ ቆሜ «ለምን?» አልኳቸው።

«ለሞተ ሰው መድኃኒት ስትገዢ እያየሁ ልለፍሽ?» አሉኝ። «ግቢ፣ ብርዱ ገባብኝ።»

እንዲህ ተዋወቅን። ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኛ ሁሉ ዕረፍት ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ከእኛ ጋር ይውላሉ። ሄለን ቋንቋዋ የሮማ ሰፈር ልጆች ጣልያንኛ ነው። አማርኛ ስናገራት የምትመልስልኝ በጣልያንኛ ነበር። ለእሳቸው ብቻ በአማርኛ ትመልሳለች፤ ምክንያቱም ታሪክ ይነግሯታል። ስለ ነገሥታት አይደለም። ማንም ስለማያነሳቸው ሰዎች ነው።

በሚከፈትበት ቀን ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ ወዳለው ቅዱስ እስጢፋኖስ ይወስዱናል። እሳቸው ካቶሊክ ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ቢሆንም እሄዳለሁ። ወለሉንና ግድግዳውን እያሳዩ ያወራሉ። ቤቱ ድሮ ከአገራችን በእግራቸው ወጥተው፣ በረሃ አቋርጠው፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው እዚህ የደረሱ መነኮሳት ማረፊያ ነበር።

«ፔርሜሶ ነበራቸው? የመኖሪያ ፈቃድ?» አለች ሄለን።

«ፔርሜሷቸው እግራቸው ነበር።»

ከመሀላቸው አንዱ፣ አሉን፣ ከደብረ ሊባኖስ የመጣ ነው። አገሩ በጦርነት ሲቃጠል ወጥቶ። እዚህ ሲደርስ ወንጌልን በግዕዝ ላሳትም ብሎ ተነሳ። የጣልያን አታሚዎቹ አንዲት ፊደላችንን አያነቡም። እሱም ማተሚያ አይቶ አያውቅም። እንደዚያው ሆነው፣ እየተሳሳቱ፣ እየተራረሙ ጨረሱት። ከዚያ ታመመ፤ አገሩ ሳይገባ ሞተ።

«እናቱስ?» አልኩ። «መሞቱን ሰማች?»

«አላውቅም።»

«ማማ ደግሞ ሁልጊዜ እናት፣ እናት!» ሄለን ሳቀችብኝ። «እትዬ፣ ከዚያስ?»

«እስከዚህ ነው የማውቀው። ከዚህ ወዲያ ከጨመርኩበት ውሸት ነው።»

ሁሌም እንደዚህ ናቸው። ታሪኩ ጥሩ ቦታ ሲደርስ ድንገት ይቆማሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ያሳምረዋል። እሳቸው የሚያውቁት ባለቀበት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ብትለምኗቸውም የለም።

ሄለን ዐሥራ ስምንት ሲሞላት እዚህ እንደመወለዷ ዜግነት ጠየቀች። እኛ ግን ሮማኒና የሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ ሰው የያዘው ባዶ ህንፃ ውስጥ የኖርንባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ያኔ ሬዚደንሳ፣ የነዋሪነት ምዝገባ፣ አልነበረንም። ወረቀቷ ላይ እነዚያ ዓመታት ጎደሉ፤ ዜግነቱን ተከለከለች። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ እንደ እኔ ፔርሜሶ ስታሳድስ ልትኖር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ፊቷ ተለወጠ። ለንደን የገባች ጓደኛ አለቻት፤ ሌሊትና ቀን ከእሷ ጋር ነው ወሬዋ። አንድ ቀን ስልኳ ላይ የጓደኛዋ ድምፅ ክፍት ቀርቶ ሰማሁት። ስለ ጀልባ ነው የምታወራው። የትኛው ትልቅ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚጭን፣ ምን ልብስ መልበስ እንደሚሻል።

ሮጬ እትዬ ለተብርሃን ዘንድ ሄድኩ።

«ያስፈራሩልኝ» አልኳቸው። «እርስዎን ትሰማለች። ሰው የሚሞትበት ታሪክ ይንገሩልኝ። ቢጨምሩበትም ግድ የለኝም!»

«አልጨምርም» አሉ። «የማውቀውን ግን እነግራታለሁ።»

ሐሙስ መጡ። ቦርሳቸውን በሩ ሥር አቆሙና ሄለን ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔ ከምድጃው ጋር ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።

«አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ጣልያን አገር የመጣው በአንቺ ዕድሜ ነው» አሏት።

«በጀልባ?»

«በመርከብ። ያውም ራሳቸው ወስደውት። ጣልያን ናፖሊ ላይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሠርቶ ነበር፣ የያዝኩትን አገር ኑ እዩልኝ ብሎ። ጎጆ ሠራ። የጎንደሩን የንጉሥ መዋኛ እንኳ አስመስሎ ሠራ። ቀረ የሚባለው ሰው ነው፤ ሰውም አስመጣ። ሐበሻም፣ ሱማሌም። እነሱ ጎጆው በር ላይ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ጣልያኑ ትኬት ቆርጦ ልጆቹን ይዞ ያያል። አጎቴን ዩኒፎርም አልብሰው ዘበኛ አቆሙት።»

«ኮሜ ኡኖ ዞ!» አለች ሄለን። እንደ አራዊት ማቆያ ማለቷ ነው።

«እንደሱ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኤግዚቢሽኑ ተዘጋ፣ መርከብም ቆመ። የሚመልሳቸው ጠፋ። ኋላ ማርኬ የሚባለው አገር ወስደው ኮረብታ ላይ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ዘጉባቸው። ጀርመን አገሩን ሲይዘው ተራራ ላይ ሆነው ጀርመንን የሚወጉ የጣልያን ልጆች ነበሩ። ከቪላው ሐበሾች ጥቂቶቹ ወጥተው ከእነሱ ጋር ገቡ።»

«ከጣልያኖች ጋር? እንደዚያ አድርገዋቸው?»

«ከነዚያ ጋር አይደለም። ከነዚህኞቹ ጋር።»

ሄለን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። «አጎትዎም?»

«ከወጡት አንዱ እሱ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አለ። አንቺ ግን የአያቴን ስሚ። ጦርነቱ አልቆ ከዚያ የተመለሰ አንድ ሰው ቤታችን መጣ። አያቴ ልጄስ አለችው። ፊቷን አየና መናገር አቃተው። ደህና ነው፣ ሥራ ይዟል፣ ይመጣል አላት። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ቀን ሲመረጥ፣ ቀኑ ሲያልፍ፣ ቀረ። እሷ ደግሞ ልጄ ሳይመጣ ቤቴ ውስጥ ሠርግ የለም ብላ እናቴን ስንት ዓመት አስቀመጠቻት። እኔ ዘግይቼ የተወለድኩት በዚያ ሰውዬ ውሸት ነው።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «አያቴ እየጠበቀችው ሞተች። አንድ ቀን አልቅሳለት አታውቅም። ልጅ ሞቶባት ሳታለቅስ ሞተች።»

እኔ ወደ ምድጃው ዞሬ እንባዬን እጠርጋለሁ። ሄለን ትጠይቃለች።

«አገኙት? መቃብሩን?»

«ነሐሴ ነሐሴ ሲኞራዬ፣ አሠሪዬ፣ ባሕር ስትወርድ እኔ በአውቶቡስ እዚያ ተራራ እሄድ ነበር። ገበሬውን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዲት አሮጊት አንድ ጥቁር ልጅ እዚህ ወድቋል፣ የሰፈሩ ሰው ቀብሮታል ብላ ቦታውን አሳየችኝ። ስሙን አታውቅም፤ እነሱ ያወጡለትን የጣልያን ስም ነው የምታውቀው። ተቀምጬ አለቀስኩለት። ምናልባት የሌላ ሴት ልጅ ነው። ለእሱም ቢሆን ያለቀሰለት የለም።»

«እና አጎትዎ ነው?»

«እስከዚህ ነው የማውቀው።»

«እና ልሂድ ነው የሚሉኝ?» አለቻቸው ሄለን።

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሂጂም አትሂጂም አልልሽም። ባሕሩ ሰው ይበላል። እዚህም ብትቀመጪ የሚበላሽ አለ። ግን እናትሽ ያለሽበትን ትወቅ። እውነተኛውን። ብትሞቺ እንኳ የት እንደሞትሽ ትወቅ።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ እትዬ» አለች ልጄ ቀስ ብላ።

እኔ ግን ዞርኩባቸው። «ብትሞቺ? ቤቴ ቁጭ ብለው ልጄን ብትሞቺ? ያስፈራሩልኝ አልኩዎት እንጂ መንገድ ያሳዩልኝ አልኩ? ይውጡልኝ!» እሳቸው ቀስ ብለው ተነሱ፣ ቦርሳቸውን ያዙ። በሩ ጋ ሲደርሱ «ምድጃው ላይ ያለው እያረረ ነው፣ አስቴር» አሉኝ። ወጡ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሄለን ሄደች። ጠዋት ሥራ ወጥቼ ስመለስ አልጋዋ ተነጥፏል። መልእክቷ ስልኬ ላይ ነው። «ማማ አትናደጂ። ፓሪስ ነኝ፣ ጓደኛ ጋ። ልጅ የምጠብቅበት ቤት አግኝቻለሁ።»

ያን ዕለት የጎማው መንቋቋት ደረጃው ላይ ተሰማኝ። ያባረርኳቸው ሴት ማንዳሪን ገዝተው መጥተዋል። ይቅርታ አልጠየቁ፣ አላስጠየቁ። ተቀምጠው መላጥ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን ጡቴ ሥር ነው የምይዘው። ሲደወል ልቤ ይቆማል፣ ሳይደወልም ይቆማል። የማገኘው ሰው ሁሉ «ደህና ናት፣ ምን ትሆናለች፣ ፓሪስ እኮ ሠላም አገር ነው» ይለኛል። እናቴን «ጠበል ገብታለች» ያሉኝ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉኝ። ባመሰግናቸውም አላምናቸውም። እውነት የምፈልግ ከሆነ የማየው የእትዬ ለተብርሃንን መነጽር ነው።

አንድ እሁድ ቤቴ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ቴሌቪዥኑ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ጀልባ መስጠሙን ተናገረ። ፀሐይ ሮጣ አጠፋችው።

«ይሄ ምን ያደርግላታል? ሙዚቃ ላድርግ።»

«አብሪው» አሉ እትዬ ለተብርሃን።

«እርስዎ ደግሞ! ልጅቷ ፓሪስ አይደለች እንዴ?»

«ፓሪስ ነኝ ያለችው እሷ ናት። እኔ አላየኋትም። አብሪው።»

በራ። ባሕሩ ዳር ነጭ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰዎች አንድ ነገር ተሸክመው ይገባሉ። እኔ ቴሌቪዥኑን አላየሁም። እሳቸውን ነው ያየሁት። እጃቸው ወደ መነጽራቸው ሄደ። ወደ ላይ ገፋ አድርገው አስተካከሉትና መልሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ወንዶች ናቸው ይላል» አሉኝ። «ሁሉም ወንዶች። የእናቶቻቸው አምላክ ይርዳቸው።»

በማግስቱ ሄለን ደወለች። ስልኬ ተበላሽቶ ነው አለችኝ። እየዘለልኩ ለእትዬ ለተብርሃን ነገርኳቸው።

«ደወለች፤ ጥሩ። ከኋላዋ ምን ይሰማል?»

«ንፋስ።»

እጄን ያዙ። «አሎራ፣ እንግዲህ ስሚ። ክፉ ነገር ከመጣ እኔ ብቻዬን መጥቼ እነግርሻለሁ። ሰው ሰብስቤ አልመጣም። እስከዚያ ግን ተኚ። እኔ ሳልመጣ የምትሰሚው ሁሉ ወሬ ነው።»

ብታምኑም ባታምኑም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ለዚህ ነው በዚያ ማለዳ በሬ ላይ ሰዎቹን ሳይ መጀመሪያ እሳቸውን የፈለግኳቸው። አልነበሩም። እኔን ፊት ለፊት ማየት አቅቷቸው ቀሩ ብዬ ነው የወደቅሁት። እሳቸው ለካ በእንቅልፋቸው አርፈዋል። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

ዘመድ ስላልነበራቸው ልቅሶው እኔ ቤት ሆነ። ፎቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አቆምን። አስከሬኑ እስኪሰጠን ቀናት ሄዱ። ቀብሩ ነገ ነው በተባለበት ከሰዓት፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ስልኬ ጮኸ። ሄለን ናት፣ በቪዲዮ።

ቤቱ ተደበላለቀ። አንዷ ፎቶውን ደፋችው። ፀሐይ ጥቁር ሻሼን ከራሴ ላይ መንጭቃ በጆሮዬ «እንዳትነግሪያት!» አለችኝ። «ብቻዋን ናት ልጅቷ! ሰው ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው በያት። ሳቂ፣ ሳቂ እንጂ!»

ከፈትኩት። ፊቷ ከስቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ኮፍያዋን ንፋሱ ያማታዋል።

«ማማ፣ እትዬ ስልክ አያነሱም። ስደውል ስደውል... እዚያ ናቸው? ስጪኝማ፣ አንድ ነገር ልጠይቃቸው ነበር።»

ሁሉም ሴት እኔን ያያል። ፀሐይ ከስልኩ ጀርባ ቆማ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ራሷን ትነቀንቃለች። ልጄ ፊቷ ትልቅ ሆኖ እጄ ውስጥ ነው። ያን ፊት እያየሁ አፌ «ጠበል» ሊል ነበር። እውነቴን ነው፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ስልኩን ደረቴ ላይ አስደገፍኩት፣ እንዳላያት። ጣራውን እያየሁ ተናገርኩ።

«ሄሉዬ፣ እትዬ ለተብርሃን ሞተዋል። ቀብራቸው ነገ ነው።»

መጀመሪያ ንፋሱ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ከደረቴ ውስጥ የሚወጣ የሚመስል የልጄ ልቅሶ። ሴቶቹም አብረው ያዙ። እንደዚያ አለቀስን፣ እሷ ከዚያ፣ እኛ ከዚህ። ሲበርድላት ስልኩን ወደ ፊቴ መለስኩት።

«ማማ» አለች፣ «ፓሪስ አይደለሁም።»

«የት ነሽ?»

«ካሌ። እንግሊዝ ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ዳር። ከመጣሁ ጀምሮ እዚህ ነኝ። አንዴ ሞክረን ተመልሰናል። ነገ ጠዋት ባሕሩ ጸጥ ካለ ተራችን ነው ብለውናል።»

ነይ ተመለሽ ልላት ነበር። ስንት ጊዜ ብያታለሁ፣ ምን ሠራልኝ?

«እመጣለሁ» አልኩ።

«አንቺ?» እንባዋ ላይ ሳቅ መጣባት። «ማማ፣ አንቺ እኮ ከሜትሮው መስመር ወጥተሽ አታውቂም!»

«እመጣለሁ አልኩ። እስክደርስ እንዳትሳፈሪ።»

«ተራዬ ካለፈ ሌላ...»

«እሺ። እንግዲያ ያለሽበትን ላኪልኝ። ሌላ አልለምንሽም።»

ተዘጋ። ፀሐይ ጮኸችብኝ። «ቀብሩ ነገ ነው! ቤተሰባቸው አንቺ፣ አልቃሻቸው አንቺ! ሰው ምን ይላል?» እኔ ግን ፓስፖርቴንና ፔርሜሶዬን ከመሳቢያው እያወጣሁ ነበር። ትንሽ ቆማ አየችኝ። ከዚያ የራሷን ወፍራም ጃኬት አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችና «እኔ አስቀብራቸዋለሁ» አለች። «ሂጂ። ልብስሽ ስስ ነው።»

ሚላኖ ጣቢያ አደርኩ። ድንበሩ ላይ ፖሊስ ወጥቶ ወረቀቴን አገላብጦ መለሰልኝ። አሁን የፈረንሳይ ባቡር ውስጥ ነኝ። እዚያ ሮም ሰዉ እትዬ ለተብርሃንን ተሸክሞ እየወጣ ነው። እዚያ መቆም ስላልቻልኩ ይህን እጽፋለሁ።

ስልኬ ላይ ካርታ አለ። ልጄ ናት የላከችው። ከላይ ባሕሩ ሰማያዊ ነው፣ ከታች የብሱ ግራጫ፤ መሀላቸው ላይ የእሷ ፎቶ ያለበት ትንሽ ክብ። ስትንቀሳቀስ አብሯት ይንቀሳቀሳል። ከላከችው ስምንት ሰዓት ሲሞላው በራሱ ይጠፋል። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጠፋ፤ ባቡሩ ውስጥ ብድግ ብዬ ቆምኩ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ፈረንሳይ ደንግጣ አየችኝ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ደግማ ልካልኛለች።

አሁን ነግቷል። ክቧ ወደ ሰማያዊው ተጠግታለች። ዓይኔን አልነቅልም። አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ አያታለሁ። አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ አያታለሁ። እስካሁን ግራጫው ላይ ናት።